ሻጭ ጎግል ላይ ምን ይጽፋል?

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ቤት የምናሻሽጥ ኤጀንቶች ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው፤ ሊስቲንግ፣ ማለትም ቤቱን እንድንሸጥለት የሚፈርምልን ሰው፣ ጠፋ። ገዢስ ሞልቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ለቤት ይዘኸው ትዞራለህ፣ መጨረሻ ላይ «ወለዱ ይውረድና እናያለን» ብሎ ለከርሞ ይቀጥርሃል። ሻጭ ግን አንዴ ከፈረመ ግቢው ላይ የተተከለው ምልክት ራሱ ይሠራልሃል። ለዚህ ነው ሁሉም ጎግል ላይ ቀድሞ ለመታየት የሚሻማው። በየወሩ ለማስታወቂያ የሚከፍልም አለ። የሚገርመኝ፣ አብዛኛው ገንዘብ የሚፈሰው ገዢ በሚጽፋቸው ቃላት ላይ መሆኑ ነው።

«ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሸጥ ቤት» ብሎ የጻፈ ሰው እንደ ዚሎና ሬድፊን ያሉ ትልልቅ የቤት ድረ ገጾችን ያገኛል። እነሱን ከመጀመሪያው ገጽ አስወርዳለሁ ማለት ለአንድ ኤጀንት ዘበት ነው፤ ቢሳካም የሚመጣው ያው ገዢ ነው። ሻጭ እንዲህ አይጽፍም። የሚጽፈው ያሳሰበውን ነገር ነው።

ለምሳሌ ሬዶንን እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ከመሸጡ በፊት የሬዶን ጋዝ ምርመራ እንዲደረግለት ያስገድዳል። ኮንዶ ግን በዚህ ውስጥ የለም። ሃያ ዓመት ቤዝመንቱ ውስጥ ልጆቹን ያሳደገ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ማነው የሚከፍለው፣ የጋዙ መጠን ከፍ ካለስ ቤቱ አይሸጥም?» ብሎ ስልኩን ያወጣል። ለመላው አሜሪካ የተጻፈ ጽሑፍ ስለዚህ ካውንቲ ደንብ እምብዛም አይነግረውም። እዚሁ የምሠራው እኔ ግን አውቀዋለሁ። መጠኑ ቢበዛ እንኳ ከወለሉ ሥር ጋዙን ስቦ በቱቦ ወደ ጣሪያ የሚያወጣ ማራገቢያ እንደሚገጠምና ሽያጩ በዚህ እንደማይቆም በቀላል አማርኛም በእንግሊዝኛም የጻፍኩት ገጽ፣ ከፍዬ ካስነገርኩት ማስታወቂያ ሁሉ የበለጠ ደንበኛ አምጥቶልኛል።

ሌላው ቤቱን አከራይቶ አገር ቤት የገባው ሰው ነው። ማታ ቦሌ ቁጭ ብሎ የሚፈልገው ስለ ግብር ነው። የፌዴራሉ ሕግ ከሽያጩ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ 2 ዓመት የራስህ ሆኖ ከኖርክበት፣ ከትርፉ እስከ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት አብረው ካሳወቁ እስከ 500,000 ዶላር ከግብር ነፃ ያደርጋል። አከራይቶ ከ3 ዓመት በላይ የቆየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ያመልጠዋል። ዝርዝሩን ለሂሳብ ባለሙያው እተዋለሁ፤ ጊዜው እያለቀበት መሆኑን ግን ቀድሞ ሊነግረው የሚገባ ኤጀንቱ ነው። በኦገስት 2024 የኤጀንቶች ኮሚሽን ደንብ ሲለወጥም «የገዢውን ኤጀንት አሁንም እኔ ነኝ የምከፍለው?» የሚል ጥያቄ ስልካችንን አጨናነቀው። ያን ሰሞን ግልጽ መልስ የጻፈ ተጠቀመ።

«የእኛ ሰው ኤጀንት የሚመርጠው በጎግል ሳይሆን በሰው ነው» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ስሜ የሚነሳው ዕድር ላይ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መስጊድ በር ላይ ነው። ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ቤታቸውን እንዳየው ጠርተውኝ ቡናው እየተፈላ ነው። ኮሌጅ የምትማረው ልጃቸው ጠረጴዛው ጥግ ላይ ስልኳን እየነካካች ዝም ብላለች። ድንገት ቀና ብላ «ዊተን ላይ ታውንሀውስ ሸጠሃል አይደል? ጣሪያው ችግር ነበረበት ይላል፤ እንዴት ጨረስከው?» አለችኝ። የቀድሞ ደንበኛዬ የጻፈውን እያነበበች ኖሯል። ነገርኳት። እናትየው ልጃቸውን አዩ፣ ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች፤ «በል ወረቀቱን አምጣው ልጄ» አሉኝ። የዕድሩ ጥቆማ ከበር አስገብቶኝ ነበር፤ ያስፈረመልኝ ግን ያ አስተያየት ነው።

ስለዚህ ደንበኛ አስተያየት ሲጽፍልኝ አንድ ነገር እለምናለሁ። የእኛ ሰው ቸር ነው፤ «እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጥሩ ልጅ ነው» ብሎ አምስት ኮከብ ይሰጥሃል። ምርቃቱን እወዳለሁ፤ ለማያውቀኝ ሻጭ ግን ምንም አይነግረውም። የት ሰፈር እንደነበረ፣ ምን እንዳስቸገረና እንዴት እንዳለቀ ይጻፍልኝ እላለሁ። ጎግል የአካባቢ ባለሙያዎችን ሲደረድር የሚያየው ከጥያቄው ጋር መዛመድን፣ ርቀትንና ታዋቂነትን ነው። ርቀቱን ልትለውጠው አትችልም፤ የሚቀረው በሰዎች አፍ የሚነገረው ሥራህ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቹን ኮከብ ያስሰጠ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ቤቱን እንኳ በፎቶ አላዩትም። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ የሐሰት አስተያየት በፌዴራል ደንብ ያስቀጣል፣ ሳይነቁበት ቢተወው ይሻለዋል።

በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ማንም የማያነብብን ይመስለናል። «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር» ብሎ ቤት ማስተዋወቅ የተለመደ ነው። የ1968ቱ የፌር ሃውሲንግ ሕግ ግን በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በትውልድ አገር መምረጥን የሚያመለክት ማስታወቂያ ይከለክላል፤ ለአማርኛ የተለየ ፈቃድ የለም። እኔ የምጽፈው ስለ ቤቱ፣ ስለ ሜትሮው ርቀትና ስለ ወርሃዊው የኤችኦኤ (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያ ነው።

አንድ የቀረኝ ፎቶ ነው። ቤት ተሽጦ ካለቀ በኋላም ፎቶው ብዙ ጊዜ ድረ ገጾች ላይ ይቆያል። ስሜን የሚፈልግ አዲስ ሻጭ የሚያየው የቀድሞ ሻጮቼን ኩሽና ነው፤ መስኮቱ ጨልሞ፣ መወልወያው ጥግ ቆሞ፣ የማቀዝቀዣው በር በማግኔት ተለጣጥፎ ካገኘው የእሱንም ቤት እንደዚያ እንደማወጣው ይገምታል። ስለዚህ ባለቤቱ «በስልክ አንሳው፣ ምን አለበት» ሲለኝ አልከራከርም። ፎቶ አንሺውን ከኪሴ ከፍዬ እጠራለሁ፣ ማግኔቶቹን ደግሞ ቀድሜ ራሴ እነቅላለሁ።