ሴት ልጅና የኮምፒውተር ሙያ

በአርጆና በአካባቢው የምትገኙ እናቶችና አባቶች፣ የዛሬው ንግግራችን ስለ ሴት ልጅና ስለ ቴክኖሎጂ ሙያ ነው።

“ኮምፒውተር ለሴት ምኗ ነው?” የሚል አይጠፋም። መልሱን ከቡና እንጀምር። ቡና መጀመሪያ ይታጠባል። ከዚያ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ በመጨረሻ ይፈላል። ተራው ከተዛባ አይጠጣም። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ሰው በተራ በተራ ጽፎ የሰጠውን ትእዛዝ ይፈጽማል። ይህን ትእዛዝ መጻፍ ፕሮግራም መሥራት ይባላል። ሥራው ጉልበት አይጠይቅም። ማንበብ፣ ማስላትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ታዲያ ይህ ለሴት ልጅ ምኑ ይከብዳል?

የሐረሯን ተወላጅ ቤተልሔም ደሴን እንመልከት። በ9 ዓመቷ በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ኮምፒውተር መሥራት ጀመረች። ኋላም በአዲስ አበባ ፕሮግራም ሠሪ ሆነች፤ ሌሎች ልጆችንም አስተማረች።

ወለጋም የራሱ ምሳሌ አለው። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ በባርነት ተይዛ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ነጻ ወጣች፤ ምጽዋ አጠገብም ትምህርት ተማረች። የኦሮምኛ ቃላትንና ተረቶችን ሰበሰበች። በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምቴ አስተማረች። ያን ጊዜ ለአገሩ አዲሱ ቴክኖሎጂ የማተሚያ መኪና ነበር። እሷም አልፈራችውም።

ታዲያ ልጆቻችን ምን ያግዳቸዋል? ውሃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ሕፃን ማዘሉ ሁሉ በሴቷ ላይ ይወድቃል። ማታ መብራት ሲበራ ወንድሟ ያጠናል፤ እሷ ደክማ ትተኛለች። ፈተና ስትወድቅ “ሴት ሒሳብ አይሆንላትም” ይባላል። የጎደላት ግን ጊዜ እንጂ አእምሮ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው እንደ ድሮ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ነቀምቴ አለ። እዚያ የምትደርሰው ግን ዛሬ ማታ ያጠናች ልጅ ናት።

እናንተ በዚህ ዕድሜያችሁ ፊደል ቆጥራችሁ ይህን ማንበብ ችላችኋል። ለልጃችሁ ደግሞ በጊዜው ይድረሳት። ነገ ጀሪካኑን ወንድሟ ይያዝላት፤ እሷም ደብተሯን ትያዝ።

ደኅና ሰንብቱ!