በችኮላ የሚለወጥ ደንብ
ስለ አቶም ኃይል ጣቢያና ስለ ተቆጣጣሪው

በጉለሌ የሚኖር ሰው የመብራት መጥፋት ምን እንደሆነ እንዲነገረው አያሻውም። ከስድስት ኪሎ ጀምሮ በሽሮ ሜዳ በኩል እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ፣ በፈተና ሰሞን መብራት ሲጠፋ መጽሐፉን አጥፎ ሻማ የሚፈልገው ተማሪ ብዙ ነው። ስለዚህ በሴፕቴምበር 2025 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኢትዮጵያና ሩሲያ በአገራችን የአቶም ኃይል ማመንጫ ለመሥራት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር በሞስኮ መፈራረማቸው በተሰማ ጊዜ ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል።

ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛ ተማሪዎች ከደስታው ጋር አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባናል። ጣቢያው ተሠርቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ቀን ሌሊት የጣቢያው ኃላፊ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደውሎ «ይህ የጥንቃቄ ደንብ ዛሬውኑ ይለወጥልኝ፤ አለዚያ ጣቢያውን ልዘጋ ነው» ቢል፣ መልሱን የሚሰጠው ማን ነው? የሚሰጠውስ በምን ሕግ ነው?

ጥያቄው እንዴት ሊነሣ እንደሚችል ለመረዳት አስቀድመን የአቶም ምድጃን ጠባይ እንመልከት። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከእሳቱ ከተጎተተ ጥቂት ጢሶ ይቀዘቅዛል። የዩራኒየም ነዳጅ ግን ምድጃው ከተዘጋም በኋላ፣ በውስጡ የተጠራቀሙት ጨረር አመንጪ ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን አያቆሙም። 1,000 ሜጋዋት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ጣቢያ 3,000 ሜጋዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። በተዘጋበት ቅጽበት ከዚህ ሙቀት ከመቶ 6 ያህሉ፣ ማለትም 180 ሜጋዋት ገደማ፣ ይቀራል። ይህም የቆቃ ግድብ እንዲሰጥ ከታቀደው 43 ሜጋዋት ኃይል አራት እጥፍ ነው። ሙቀቱ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ቢሆንም ውሃ ሳያቋርጥ ካልተዘዋወረበት ነዳጁን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ውሃውን የሚያዘዋውሩት ፓምፖች ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ። የውጭው መስመር ቢቋረጥ ሥራውን የሚረከቡ የናፍጣ ጄኔሬተሮች በተጠንቀቅ ይቆማሉ። ደንቡም የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ በብዙ ጣቢያዎች ሲሠራበት በኖረው ደንብ መሠረት፣ ከሁለቱ ጄኔሬተሮች አንዱ ቢበላሽ በ72 ሰዓት ውስጥ መጠገን አለበት፤ ካልተጠገነ በሚቀጥሉት 6 ሰዓታት ምድጃው መዘጋት አለበት።

እንግዲህ የመለዋወጫው ዕቃ የሚደርሰው በ100ኛው ሰዓት ቢሆንስ? ጣቢያውን መዝጋት ከተማን ያጨልማል፤ ደንቡን መጣስ ደግሞ ክልክል ነው። ኃላፊው ያለው ሦስተኛ መንገድ ደንቡ ለጊዜው እንዲለወጥለት ማመልከት ብቻ ነው።

የአሜሪካ ሕግ ለዚህ ዓይነቱ ማመልከቻ ሥርዓት አበጅቶለታል። ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በመጀመሪያ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል። ለውጡ አስቀድሞ የተጠናውን አደጋ የመድረስ ዕድሉን ወይም ጉዳቱን በብዙ ይጨምራልን? ከዚህ በፊት ያልታሰበ አዲስ ዓይነት አደጋ ሊያመጣ ይችላልን? ለጥንቃቄ የተተወውን ትርፍ በብዙ ይቀንሳልን? በተለመደው ጊዜ ማመልከቻው ለሕዝብ ይታወጅና 30 ቀን የአስተያየት ጊዜ ይሰጣል። ጉዳዩ አጣዳፊ ከሆነ ጊዜው ያጥራል። ጣቢያው ሊዘጋ የተቃረበ እንደሆነ ደግሞ ሕዝብ ሳይጠየቅ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የላቀ መስሎ የታየን ግን አንዲት አንቀጽ ናት። አመልካቹ ችኮላው ለምን እንደመጣና ለምን ሊያስቀረው እንዳልቻለ ማስረዳት አለበት። በጊዜው ማመልከት ሲችል ዝም ብሎ ቆይቶ ችኮላውን ራሱ ፈጥሮት ከሆነ፣ ኮሚሽኑ በአስቸኳዩ መንገድ አያስተናግደውም። በሌላ አነጋገር፣ የራስን ስንፍና «አስቸኳይ ጉዳይ» ብሎ ማቅረብ ተከልክሏል።

ይህ ሥርዓት ያለ ክርክር አልተገኘም። በ1979 በስሪ ማይል አይላንድ ጣቢያ አደጋ ከደረሰ በኋላ፣ በሕንጻው ውስጥ የታመቀው ክሪፕተን የተባለው ጨረራማ ጋዝ ወደ አየር እንዲለቀቅ ኮሚሽኑ በ1980 ፈቀደ። የአካባቢው ሰዎች «ሳንሰማ ተፈቀደብን» ብለው ከሰሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በዚያው ዓመት ፈረደላቸው። በ1983 የወጣው ሕግ በፍጥነት መፍቀድን ሲያጸና፣ ምርመራውንና ለሕዝብ ማስታወቁንም አብሮ አሰረ።

ሥርዓቱ በሌለበት ወይም በላላበት የሆነውን ዓለም አይቶታል። በ1986 በቼርኖቢል የአስቸኳይ ማቀዝቀዣውን አቋርጠው ሙከራ ያደረጉት ሰዎች የሚገባውን ፈቃድ አላገኙም ነበር። በጃፓን ደግሞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የአቶምን ኃይል በሚያስፋፋው ሚኒስቴር ሥር ነበረ። በማርች 2011 የባሕር ማዕበል በፉኩሺማ ጄኔሬተሮቹን ሲያጥለቀልቅ ምድጃዎቹ በሥርዓቱ ተዘግተው ነበር፤ ያ የቀረው ሙቀት ግን የሦስቱን ነዳጅ አቀለጠው። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በ2012 ጥፋቱን የሰው ሥራ ብሎ ፈረደ፤ ተቆጣጣሪውና ተቆጣጠሩ የተባሉት ወዳጆች ሆነው ተገኝተዋልና። በዚያው ዓመት ጃፓን ተቆጣጣሪውን ከሚኒስቴሩ አወጣችው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 ነው። በ1993 በአዋጅ ቁጥር 79 የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን አቋቋመች፤ በ2017ም ስለ ጨረራና ስለ ኑክሌር መከላከል አዋጅ ቁጥር 1025 ወጣ። ስለዚህ ከባዶ አንጀምርም። ሆኖም እስካሁን የተለመደው የቁጥጥር ሥራ የሆስፒታል ኤክስሬይን፣ የካንሰር ሕክምና መሣሪያንና የኢንዱስትሪ ጨረርን የሚመለከት ነው። በጉለሌ ጳውሎስ ሆስፒታል አንድ የኤክስሬይ ክፍል ሥራ ቢያቆም በሽተኛው ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላካል። የአቶም ጣቢያ ሲዘጋ ግን ከተማ ይጨልማል፤ ከበላይም «ቶሎ ፍቀድ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ያን ድምፅ ሰምቶ «አይሆንም» ለማለት የሚችል መሥሪያ ቤት በአንድ ሌሊት አይሠራም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ጣቢያው ሳይሠራ እንዲጸኑ እንፈልጋለን። ተቆጣጣሪው ጣቢያውን ለሚያሠራው አካል ታዛዥ እንዳይሆን፤ ደንብ በችኮላ የሚለወጥበት መንገድ ችኮላው ሳይመጣ በጽሑፍ እንዲወሰን፤ የተፈቀደውም ለውጥ ከነምክንያቱ በጣቢያው አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ እንዲታተም። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ብለዋል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ጨረር ግን አይለቀምም።

ያ ስልክ በሚደወልበት ሌሊት ከወንበሩ ላይ የሚገኘው ዛሬ ከእኛ ጋር ፊዚክስ፣ ምሕንድስና ወይም ሕግ የሚማር አንዱ ጓደኛችን ሊሆን ይችላል። «አይሆንም» ሲል የሚጠብቀው ሕግ ከሌለ ዕውቀቱ ብቻውን አያድነውም፤ እኛንም አያድነንም።