ስለ ሙያ ትምህርት የገንዘብ እርዳታ

በሀቢቾና በሆሳዕና ዙሪያ ሕዝቡ ብዙ፥ የእርሻው መሬት ግን ጠባብ ነው። ስለዚህ የሐዲያና የከምባታ ሰው በ1946 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ለሥራ ይሄድ ነበር፤ ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰዷል።

ለዚህ መፍትሔው የሙያ ትምህርት ነው ይባላል። ነገር ግን ለዚሁ የሚውለው ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የማይመለስ እርዳታ ነው። በአሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2014 ድረስ መንግሥት ለኮሌጆች 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሰጥ፥ ከአሠሪዎች ጋር ተባብረው እንዲያስተምሩ አዞ ነበር። ሁለተኛው ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. በአገራችን የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ለተደራጁ ወጣቶች የሚሰጠው ተመላሽ ገንዘብ ነው።

እርዳታው ለማስተማሪያ ብቻ ከዋለ፥ እንጨት ሥራ የተማረው ወጣት መጋዝና መላጊያ መግዣ ያጣል። ብድር ቢወስድም ገዢ ካላገኘ ዕዳ ብቻ ይተርፈዋል። እንግዲህ ኮሌጁ እርዳታ ከመጠየቁ በፊት የሆሳዕና ገበያ የሚፈልገውን ሙያ ይመርምር፤ ከሚያገኘውም ለተመራቂው የመጀመሪያ መሣሪያ ድርሻ ይመድብ። አለዚያ ወጣቱ ሙያውን ይዞ ይሰደዳል።