ከሴቻ እስከ ሲቀላ፦ አርባ ምንጭ መንገዷንና ውሃዋን እንዴት ታስተዳድራለች?

የአርባ ምንጭ ከተማ አስተዳደር በአራት ክፍለ ከተሞችና በ11 ቀበሌዎች የተዋቀረ ነው። ክፍለ ከተሞቹ ሴቻ፣ ሲቀላ፣ አባያና ነጭ ሳር ይባላሉ። ከተማዋ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ስትሆን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የማዕከል ከተሞችም አንዷ ናት። ከበላይዋ ያለው መዋቅር ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ከተዛወረ በኋላ ከተማዋ መጀመሪያ የዚሁ ጠቅላይ ግዛት፣ ቀጥሎ የሰሜን ኦሞ ዞን፣ ከዚያ የጋሞ ጎፋ ዞን፣ በመጨረሻም የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ነዋሪው ግን መታወቂያም ሆነ የድጋፍ ደብዳቤ ሲፈልግ፣ የሰፈሩ ቦይ ሲደፈንም፣ ዛሬም የሚሄደው ወደዚያው ወደ ቀበሌው ነው።

የአስተዳደሩን ሥራ ከሌሎች ከተሞች የሚለየው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ሴቻ ከላይ በገደል አፋፍ ላይ ትገኛለች፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በብዛት ያሉት እዚያ ነው። ገበያው፣ መናኸሪያውና አብዛኛው ንግድ ያለው ደግሞ ከታች ሲቀላ ነው። በሁለቱ መካከል አራት ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ስለዚህ ብዙ ነገር በእጥፍ ይጠየቃል፤ መንገድ ለላይም ለታችም፣ መብራት ለላይም ለታችም ያስፈልጋል። የሕዝቡ ቁጥርም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1987ቱ ቆጠራ 40,020 የነበረው ነዋሪ በ1999ኙ 74,879 ደርሷል። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደግሞ የተማሪው ብዛት የቤት ኪራዩንም የውሃውንም ፍላጎት አሳድጎታል።

በሕጉ መሠረት የከተማው ከፍተኛ አካል የከተማ ምክር ቤቱ ነው። በአፈ ጉባኤ ይመራል፣ ዓመታዊ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ከንቲባውንም ይሰይማል። ከከንቲባው ሥር የሚገኘው ማዘጋጃ ቤት በሥራ አስኪያጅ ይመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ትምህርትና ጤና በመንግሥት በጀት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻ፣ የቆሻሻ አያያዝ፣ ቄራ፣ የገበያ ቦታ፣ የመቃብር ስፍራና የመናፈሻ ሥራ የሚሸፈኑት በማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ነው። ያ ገቢ የሚመጣው ከሊዝ፣ ከቦታ ኪራይ፣ ከጣሪያ ግብር፣ ከሱቅና መደብ ኪራይ እንዲሁም ከአገልግሎት ክፍያ ነው። አንድ ሰፈር «መንገድ ይሠራልን» ሲል የሚጠይቀው ከዚህ ኪስ ነው፤ ኪሱ ደግሞ ቀጭን ነው።

ክፍተቱን በከፊል የሞላው በዓለም ባንክ ገንዘብ የተደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ2000 ዓ.ም. ሲጀመር ከተካተቱት ጥቂት ከተሞች አንዷ አርባ ምንጭ ነበረች። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው ዙር 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም. የተጀመረውና 600 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ቀጣዩ ደግሞ 117 ከተሞችን አቅፏል። ገንዘቡ ዝም ብሎ አይታደልም ነበር። ከተማው በየዓመቱ በዕቅድ ዝግጅቱ፣ በሂሳብ አያያዙ፣ በግዥ ሥርዓቱና ነዋሪውን በማወያየቱ ይመዘን ነበር፤ ውጤቱ ከፍ ካለ ድርሻው ያድግ፣ ካነሰ ይቀንስ ነበር። ነዋሪውን ስብሰባ መጥራት ነጥብ የሚያሰጥ መሆኑ መልካም ነበር። ነገር ግን ስብሰባው ለፊርማ ብቻ እንዲጠራም በር ይከፍት ነበር።

ከፕሮግራሙ ሥራዎች ነዋሪው በቅርብ የሚያውቀው የኮብልስቶን መንገድ ነው። በኢትዮጵያ የተስፋፋው በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ሲሆን፣ ዋና መስህቡ ለሥራ አጥ ወጣት ሥራ መፍጠሩ ነበር። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ጥቁር ድንጋይ በመሮና በመዶሻ እየጠረቡ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ጎን ያለው ኩብ ያወጣሉ። ሌሎቹ መሬቱን ይደለድሉና ይጠቀጥቃሉ፣ ግራና ቀኙን በጠርዝ ድንጋይ ይይዛሉ፣ አሸዋ ያነጥፋሉ፣ ከዚያ ሲባጎ ወጥረው ድንጋዩን አንድ በአንድ ይደረድራሉ። በመጨረሻ በክፍተቱ አሸዋ ይሞላል። የሰፈሩ ነዋሪም ብዙ ጊዜ የወጪውን ድርሻ ያዋጣል። መዋጮውን የሚሰበስበው ኮሚቴ የሚመረጠው ሰፈሩ ውስጥ ነው፤ ዕድሩ እዚህ ላይ ከቀበሌው ይልቅ ይሰማል፣ ምክንያቱም ያላዋጣውን ሰው በስሙ የሚያውቀው ዕድሩ ነው።

የኮብልስቶን ጠላት ጎርፍ ነው። አርባ ምንጭ ዋናውን ዝናብ የምታገኘው በሚያዝያና በግንቦት ነው፤ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕቅዱ ጸድቆ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ውሉ ተፈርሞ ሥራው ሲጀመር በጋው ይጋመሳል፤ ቦዩ ሳይጠናቀቅ የሚያዝያ ዝናብ ይደርስበታል። ከሴቻ ተዳፋት የሚወርደው ውሃ አሸዋውን ጠርጎ ከወሰደ ድንጋዩ ይላቀቃል። ለአዲስ መንገድ ሪባን ይቆረጣል፣ ለቦይ ጠረጋ ግን ማንም ሪባን አይቆርጥም። ለጥገና የሚመደበው ገንዘብ ከግንባታው በብዙ የሚያንስበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ውሃም እንዲሁ የላይና የታች ጉዳይ ነው። ለከተማዋ ስሟን ያወጡላት ምንጮች የሚፈልቁት ከገደሉ ግርጌ፣ በነጭ ሳር ፓርክ ጫፍ ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ነው። ውሃው ወደ ሴቻ ለመድረስ በፓምፕ ሽቅብ መገፋት አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። ደኑ ለማገዶ በተመነጠረ ቁጥር ምንጩም አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ማገዶ ተሸክመው የሚሸጡ ድሃ ሴቶች ሌላ የሚተዳደሩበት ሥራ ማግኘታቸው የከተማው ውሃ ጉዳይም ነው።

በቆሻሻ አያያዝ ረገድ አርባ ምንጭ ቀደም ብላ የሞከረችው ነገር አለ። ከ1999 እስከ 2002 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ከምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ከናኩሩ፣ ከአሩሻና ከኪትጉም ጋር በተካሄደ የምርምር ፕሮጀክት፣ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው አስተዳደር ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶችን አሠርተው ሞክረዋል። «እኛን ነው ማየት» የተባለ የወጣቶች ማኅበርም ከቤት ቆሻሻ ብስባሽ ማዳበሪያ ያዘጋጅ ነበር። ሐሳቡ ሙዝና ማንጎ በሚያመርት አካባቢ ተገቢ ነው፤ ፈተናው ማዳበሪያውን ዋጋ ከፍሎ የሚገዛ ማግኘት ላይ ነው።

ነዋሪው የሚሰማበት መድረክ በጋሞ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። ዱቡሻ የሚባለው የአደባባይ ሸንጎ ከምርቃት ይጀምራል፣ ተናጋሪው ተነሥቶ በተራ ይናገራል፣ ነገሩ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን እስኪስማሙ ድረስ ይመከርበታል። የሀገር ሽማግሌዎች ተሰሚነት በከተማው ምን ያህል እንደሆነ በመስከረም 2011 ዓ.ም. ታይቷል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ሲነሣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩና መለሱት። የከተማ ምክር ቤቱ የምርጫ ጉዳይ ግን ሳይቋጭ ቆይቷል፤ በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በ2010 ዓ.ም. ሊደገም ሲገባ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

አሁን በከተማው ብዙ የሚያነጋግረው የኮሪደር ልማት ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ በቀጣዩ ዓመት ወደ ክልል ከተሞች ሲሻገር አርባ ምንጭንም ነክቷል፤ ዋና መንገዶችን ማስፋት፣ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና አረንጓዴ ቦታ ይዟል። የመንገድ ዳር አጥርና ሱቅ የሚነሣበት ባለይዞታ የሚመራበት ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። አዋጁ ማስጠንቀቂያና የካሳ ግምት በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅሬታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤም እንዲቋቋሙ ይደነግጋል። ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ፣ ባለይዞታው የግምቱን ወረቀት ሲቀበል ቀኑን መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል።