ኮዱ እዚህ፣ እኛ እዚያ፦ ጊትን ከሩቅ ለማገናኘት የፈጀብን ሁለት ሳምንት



ባለፈው ሴሚስተር የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን አራት ሆነን ስንሠራ ኮዱን የምንለዋወጠው በፍላሽ ነበር። ሁለት ወንድሞች፣ ሁለት እህቶች ነን። እህቶች ከመግሪብ በኋላ ከዶርማቸው ስለማይወጡ የቀኑ ርክክብ ላይብረሪ በር ላይ በችኮላ ይፈጸማል። አንድ ማክሰኞ ታዲያ አንዷ እህታችን ሦስት ቀን የደከመችበትን የመግቢያ ገጽ በአሮጌ ፎልደር ደረብኩበት። የእሷ ፎልደር «የመጨረሻ አዲስ 2» ይባላል፤ የእኔም እንደዚያው። አልተቆጣችም፣ ዝም አለች። አድቫይዘራችን የሚያየን ዓርብ ነበር። ዓርብ ያለ መግቢያ ገጽ ቀረብን።

በዚያው ሌሊት ቨርዥን ኮንትሮል ለመጀመር ተስማማን። ጊት እ.ኤ.አ. በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ብሎ የጻፈው ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ መዝግቦ ይይዛል። ጓደኛችሁ ቀድማ ያስገባችውን ሳትወስዱ የራሳችሁን ልትልኩ ብትሞክሩ እምቢ ይላችኋል። እኔ ያጠፋሁት ገጽ በጊት ቢሆን ኖሮ ላኪው «መጀመሪያ የእሷን አምጣ» ተብሎ ይመለስ ነበር። ጊትን መማር አንድ ቀን ፈጀብን። አራታችንን በኢንተርኔት ማገናኘት ግን ሁለት ሳምንት።

መጀመሪያ ብልጥ የሆንን መስሎን ከግቢ ውጭ ቤት በተከራየ ወንድማችን አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ የራሳችንን ሰርቨር ተከልን። በእሱ ዋይፋይ ላይ ሆነን ስንሞክር ሠራ፣ አልሐምዱሊላህ አልን። ከካምፓስ ስንሞክር ሞተ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ የያዝነው አድራሻ በ192.168 የሚጀምር ነው። እንዲህ ያለ አድራሻ «ዶርም 12» እንደ ማለት ነው፤ ግቢው ውስጥ ላለ ሰው ይበቃል፣ ከውጭ ለሚመጣ ግን የትኛው ግቢ? ስለዚህ ከውጭ የመጣውን ጥሪ ወደ ዴስክቶፑ እንዲያሳልፍ ራውተሩን ማዘዝ ያስፈልጋል። አዘዝነው። አሁንም ዝም።

አራት ሌሊት ራውተሩን ስናጠፋና ስናበራ ከረምን። በኋላ የገባን ነገር ራውተሩ ራሱ የተሰጠው አድራሻ በ100.64 እና በ100.127 መካከል የሚገኝ መሆኑ ነው። የድሮው የኢንተርኔት አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ለሁሉም አይደርስም፤ ብዙ አቅራቢዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። ይህ ክልል ለዚሁ ተብሎ የተመደበ ነው። እንዲህ ከሆነ በራውተራችሁ ላይ የምትነኩት ምንም ነገር አይረዳችሁም። ለማወቅ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው፦ ራውተሩ የእኔ የውጭ አድራሻ ነው የሚለውን፣ አድራሻችሁን ከሚነግራችሁ ድረ ገጽ ጋር አስተያዩ። ከተለያዩ ተዉት። እውነቱን ለመናገር ቢሳካልንም ኖሮ የቤት ኮምፒውተርን ለዓለም መክፈት ለተማሪ የሚመከር አይመስለኝም፤ የይለፍ ቃል እየገመቱ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ቀንና ሌሊት አያርፉም።

ወደ ጊትሃብ ሄድን። እዚያም በመጀመሪያው ምሽት ትክክለኛውን የይለፍ ቃል እየጻፍን ተመለስን። ጊትሃብ ከኦገስት 13 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮድ ለመላክና ለመቀበል የአካውንት ይለፍ ቃል አይቀበልም፤ እኛ የምናየው የማስተማሪያ ቪዲዮ ከዚያ በፊት የተቀረጸ ነው። መልእክቱ ላይ ተጽፏል፣ ግን ከመጀመሪያው መስመር አላለፍንም። በይለፍ ቃሉ ቦታ ከአካውንታችሁ ሴቲንግ ውስጥ የምታወጡትን ቶክን ነው የምትለጥፉት። ስትለጥፉት ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፤ አልተለጠፈም ብላችሁ ደጋግማችሁ አትለጥፉ።

ሁለተኛው መንገድ የኤስኤስኤች ቁልፍ ነው። ሁለት ፋይል ይፈጠራል፦ መጨረሻው ላይ ፐብ የሚለው ለጊትሃብ ይሰጣል፣ ሌላው ከላፕቶፓችሁ አይወጣም። ከእኛ አንዱ (ስሙን አልናገርም) የማይወጣውን በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፈው። ቁልፉን ሰርዘን እንደገና ጀመርን።

ቁልፉ በሞባይል ዳታ ሠራ፣ በካምፓስ ዋይፋይ ግን አልሠራም። እዚህ ላይ የረዳን መልእክቶቹን ለይቶ ማንበብ ነው። «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ካለ ጥያቄያችሁ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ብዙ ጊዜ ፋየርዎል ነው። «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ጋ ደርሳችኋል፣ በዚያ በር የሚያዳምጥ ግን የለም። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ደስ ይበላችሁ፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው። እኛ የደረሰን የመጀመሪያው ነበር፤ ኤስኤስኤች የሚጠቀምበት ፖርት 22 ግቢ ውስጥ ተዘግቷል። ጊትሃብ ራሱ ለዚህ ሲል ኤስኤስኤችን በፖርት 443 ይቀበላል፤ አድራሻው ኤስኤስኤች ነጥብ ጊትሃብ ነጥብ ኮም ነው። ከመቀየራችሁ በፊት ግን የግቢውን አይሲቲ ክፍል ጠይቁ፤ ኔትወርኩ የጋራ አማና ነው። ካልፈለጋችሁ ቶክኑ በተራው የድረ ገጽ መንገድ፣ በዚያው 443፣ ያለ ምንም ጣጣ ይሄዳል። ዛሬ ብጀምር የምመርጠው እሱን ነው።

አንድ ላፕቶፕ ግን አሁንም «ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም» እያለ አስቸገረ። የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ስለሞተች ሰዓቱን ይረሳል፤ ባለቤቱም ቀኑን በእጁ ሲሞላ የእኛን ዓመተ ምሕረት አስገብቷል። ለኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዷል፤ ሰርተፍኬቱ ገና አልተወለደም። ቀኑ ሲስተካከል ያለ ሌላ ነገር ሠራ።

የቀረችው እንቅፋት የመረጃ ፋይላችን ነበረች። ጊትሃብ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በቀጣዩ ኮሚት ብትሰርዙትም ከታሪኩ አይወጣም፣ መላኩም መልሶ ይወድቃል። ከመጀመሪያው ጊትኢግኖር ውስጥ ጻፉት፤ ያለበለዚያ እንደ እኛ ከሱሑር እስከ ፈጅር ታሪክ ስትቆርጡ ታድራላችሁ።

ፍላሹን አልጣልነውም። ጊት ፍላሽንም እንደ ሩቅ ሰርቨር ይቀበላል፦ «ቤር» የሚባለውን ዓይነት ሪፖዚተሪ ፍላሹ ላይ ትፈጥሩና ፑሽና ፑል ታደርጋላችሁ፣ የማንም ሥራ ሳይደረብበት። ኔትወርክ በሚጠፋበት ቀን እስካሁን ላይብረሪ በር ላይ የምንረካከበው በዚህ ነው።