ከጭሱ የተረፈው ጉድጓድ ገባ

ማደያ ቆመን የሊትሩን ዋጋ እንጠይቃለን እንጂ ቤንዚኑ ላይ ምን እንደተጨመረበት አንጠይቅም። ካሊፎርኒያ ይህን ዘግይታ በመጠየቋ ብዙ ከፍላለች።

እርሳስ ከቤንዚን ሲወጣ፣ ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚከላከል ምትክ አስፈለገ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ኤምቲቢኢ የተባለው ኬሚካል ይጨመር ጀመር። የ1990ው የአየር ንጽሕና ሕግ አየራቸው በከፋ ከተሞች የሚሸጥ ቤንዚን ኦክስጅን ያለው ውህድ እንዲቀላቀልበት ሲያስገድድ ደግሞ ገበያው በእጅጉ ሰፋለት። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀነሰ። ችግሩ ከታች ነበር፤ ኤምቲቢኢ በውኃ ይሟሟል፣ አፈር አያስቀረውም፣ ቶሎም አይፈርስም። ከማደያዎች የመሬት ውስጥ ታንከር እየሾለከ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ገባ። ጥቂቱ እንኳ የውኃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል። የካሊፎርኒያዋ ከተማ ሳንታ ሞኒካ በ1996 ግማሽ ያህል የመጠጥ ውኃዋን የሚሰጧትን ጉድጓዶች ዘጋች። የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ግሬይ ዴቪስ በ1999 ኬሚካሉ እንዲቀር አዘዙ፤ ክልከላው የጸናው ግን በ2004 መግቢያ ነው።

ነዳጆቹ የተመዘኑት በጭስ ብቻ ነበር። የጉድጓድ ማጽጃው ወጪ በሊትሩ ዋጋ ውስጥ ስላልተቆጠረ ኤምቲቢኢ ርካሽ መሰለ። ኢኮኖሚስቶች እንዲህ ያለውን ወጪ ሻጩም ገዢውም ሳይከፍሉት ሦስተኛ ወገን ላይ የሚወድቅ ዕዳ ይሉታል።

ቦታውን የወሰደው ኤታኖል አፈር ውስጥ ቶሎ ይፈርሳል። ሲቃጠል ግን አሴታልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ ይጨምራል፤ ከበቆሎ ሲመረት ደግሞ ከእህል ጋር መሬት ይሻማል። የእኛው የኢትዮጵያ ኤታኖል ከስኳር ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ ስለሚገኝ በዚህ በኩል ይሻላል። አዲስ አበባ በ2001 ዓ.ም. በአምስት በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. በአሥር በመቶ ቀላቅላዋለች። የኤታኖል ፋብሪካው ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ግን ዓሣው ኦክስጅን ያጣል። ስለ ናፍጣ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ጭሱን በ2012 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ ፈርጆታል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪክ አዙረናል። ኃይላችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ፣ ድንጋይ ከሰል ከሚያነዱ አገሮች ይልቅ ንጽጽሩ ለእኛ ያደላል። የጎማው ብናኝ እንዳለ ቢሆንም ምርጫው ትክክል ነው። የሚያሳስበኝ ባትሪው ነው። ያረጀውን ማን ይረከባል? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? መልሱ አስመጪውን የሚያስገድድ ደንብ ሆኖ፣ ክፍያውም በመኪናው መሸጫ ዋጋ ውስጥ ተካትቶ ከወዲሁ ይውጣ።