የብርሃን መቀነሻና የማራገቢያ ማብሪያ ባንድ ሰሌዳ ላይ ስለ ማኖር

ኤሌክትሪክ ለሚያውቀው ታዛዥ አገልጋይ፥ ለማያውቀው ግን የተሰወረ እሳት ነው። ስለዚህ በመማሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ዲመር የሚባለው የብርሃን መቀነሻና የማራገቢያው ማብሪያ ባንድ ሰሌዳ ጎን ለጎን ሲደረጉ፥ የሁለቱ ጠባይ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባል።

በኢትዮጵያ ለየቤቱ የሚታደለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፥ በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ዲመሩ በያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ፥ ይኸውም በሴኮንድ 100 ጊዜ፥ ኤሌክትሪኩን ለጥቂት ያግደዋል። ክር ያለው አምፑል ግለቱ ቶሎ ስለማይበርድ፥ ብርሃኑ ይደበዝዛል እንጂ አይጎዳም። ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፑል ግን ለዲመር ተብሎ የተሠራ ካልሆነ ሊርገበገብ ይችላል። የማራገቢያው ሞተር ደግሞ በተቈራረጠ ኤሌክትሪክ ይጮኻል፥ ይግላል፤ በመጨረሻም ጥምጥም ሽቦው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ማራገቢያ የራሱ ማብሪያ ወይም የራሱ ፍጥነት መለወጫ ያስፈልገዋል እንጂ በመብራት ዲመር ሊታዘዝ አይገባም።

ሁለቱ ሰሌዳውን ይካፈላሉ እንጂ መንገዳቸው አንድ አይደለም። ፌዝ የሚባለው ሽቦ ከሰሌዳው ኋላ ለሁለት ተከፍሎ፥ አንዱ ወደ ዲመሩ፥ ሁለተኛው ወደ ማራገቢያው ማብሪያ ይገባል፤ ከያንዳንዳቸውም የተለየ ሽቦ ወጥቶ ወደ አምፑሉና ወደ ማራገቢያው ይሄዳል። ዲመር ሲሠራ ስለሚሞቅ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሳጥን ሰፊ ሊሆን ይገባል።

ሥራው የባለሙያ ነው። እርሱም ቢሆን ዋናውን ማጥፊያ ሳያጠፋ፥ ኤሌክትሪክ አለመኖሩንም በመሞከሪያ ሳያረጋግጥ ሽቦ አይነካም። መምህር ይህን ለተማሪዎቹ ቢያስረዳ ከእሳትና ከሞት ይጠብቃቸዋል። ከእጅ በፊት ዕውቀት ይቅደም።